ስለ ውድ ሰዓት ስሞች፤ ለገዢና ለወራሽ

በሐና ማርያም ሰፈር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተሠሩት ፎቆች ምድር ቤት ከተከፈቱት ሱቆች መካከል፣ የስልክ ቀፎና የሽቶ ብልቃጥ ከተደረደረበት መስታወት አጠገብ የእጅ ሰዓት የማይታይበት ጥቂት ነው፤ በጥርና በሚያዝያ የሠርግ ወራት ለሙሽራ ከሚሰጠው ስጦታ፣ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ልጅም ለአባቱ ይዞት ከሚመጣው ገጸ በረከት መካከል ሰዓት የክብር ስፍራ ይዞ ይገኛል። ይሁንና ገዢው ለብረቱ፣ ለመስታወቱና ለማሰሪያው ከሚከፍለው ይልቅ የሚበዛውን ገንዘብ የሚከፍለው፣ በሰዓቱ ገጽና በጀርባው ክዳን ላይ በደቃቅ ፊደል ለተጻፉት አምስት ስድስት ቃላት መሆኑን የሚያስተውል ብዙ አይደለም። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው በቁጥርና በሚዛን የተወሰነ ነገር የሚያመለክቱ የውል ቃላት ናቸው፤ ስለዚህም በከተማችን የሰዓት ንግድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታረም የሚገባው ነገር፣ ሻጭ በአፉ የሚያወራውን ቃል በደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው፣ ገዢም የተጻፈለትን ቃል ፍቺ ዐውቆ እንዲቀበል ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጉዳይ የባለጸጎች እንጂ የሕዝብ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ በእኔ አስተያየት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባለጸጋው ቢታለል ሌላ ይገዛል፤ ነገር ግን አባቱ ጡረታ በወጡበት ቀን መታሰቢያ የሚሆን አንድ ሰዓት ለመስጠት ወራት ሙሉ ከደመወዙ የቆጠበ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ወርቅ የተባለው ቅብ፣ ውኃ አይነካውም የተባለውም በመጀመሪያው ክረምት ጉም የቋጠረ ሆኖ ሲገኝ፣ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በአባቱ ፊት ያለውን ደስታም ጭምር ነው።

ደግሞም የጊዜ ስሌት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሊቃውንታችን በባሕረ ሐሳብ አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ ኬክሮስም ዛሬ በምንቆጥረው 24 ደቂቃ ሲሆን፣ እርሱን በካልዒት፣ ካልዒትን በሣልሲት እያሉ እስከ ሳድሲት ድረስ ያወርዱታል። ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ስትፈጽም ጨረቃ በ354 ቀን ስለምትፈጽም፣ በመካከላቸው ካለው የ11 ቀን ትርፍ አበቅቴን፣ ከአበቅቴ ጋር ተደምሮ 30 የሚሞላውን መጥቅዕን፣ በ19 ዓመት የሚመለሰውን ንዑስ ቀመርንና በ532 ዓመት የሚመለሰውን ዐቢይ ቀመርን አውጥተው፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት ያለ አንዳች መሣሪያ በቃላቸው ይወስናሉ። በዘመን መለወጫ ዕለት ይህ ስሌት በቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ የሚሰማ ምእመን፣ የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች «ኮምፕሊኬሽን» የሚሉትን ነገር ለመረዳት ከብዙ አውሮፓዊ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ኮምፕሊኬሽን ማለት ሰዓቱ ከሰዓት፣ ከደቂቃና ከሰከንድ በላይ የሚሠራው ማናቸውም ተጨማሪ ሥራ ነውና። ቀን፣ ወር፣ የጨረቃ መጠን፣ የሌላ አገር ሰዓት፣ የሩጫ መለኪያ፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ።

ከእነዚህ መካከል ገዢ አብዝቶ የሚሳሳተው በካሌንደሩ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ ማዕርጋት «ካሌንደር አለው» በሚል አንድ ቃል ተሸፍነው ይሸጣሉ። ተራው ካሌንደር የፈረንጆቹን ወር ሁሉ 31 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ባለቤቱ በዓመት አምስት ጊዜ በእጁ እያዞረ ሊያርመው ግድ ይሆንበታል። አኑዋል ካሌንደር የሚባለው፣ የፓቴክ ፊሊፕ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ለእጅ ሰዓት ያወጣው፣ ባለ 30ውን ወር ከባለ 31ዱ ለይቶ ያውቃል፤ የሚስተው ፌብሩዋሪን ብቻ ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ መታረም ይበቃዋል። ፐርፔቹዋል ካሌንደር ግን በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ዙር ብቻ የሚፈጽም፣ የ48ቱ ወራት እጥረትና ርዝመት በጠርዙ ላይ የተቀረጸበት መዘውር አለው፤ ይህም መዘውር ከማቴዎስ ተነሥቶ በማርቆስና በሉቃስ በኩል እስከ ዮሐንስ ሄዶ የሚመለሰው የእኛ ዐውደ ወንጌላውያን በብረት የተሠራ መስሎ ይታየኛል። በተራውና በፐርፔቹዋሉ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። በሮሌክስ ሰዓት ገጽ ላይ «ኦይስተር ፐርፔቹዋል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ግን ከዚህ ጋር እንዳያምታታው ይጠንቀቅ፤ በዚያ ስፍራ ቃሉ የሚናገረው ስለ ቀን አቆጣጠር ሳይሆን፣ ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1931 ስላወጣው፣ የእጅን እንቅስቃሴ ተከትሎ ሞላውን ራሱ ስለሚሞላው ማሽን ነው።

እውነተኛው ፐርፔቹዋል ካሌንደር በታሪካችን ውስጥም ስም አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ በስጦታ እንደ ተቀበሉት የተነገረለት የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በጄኔቫ ክሪስቲ በተባለው የጨረታ ቤት ሊሸጥ ከቀረበ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከጨረታው ወጣ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. እንደገና ቀርቦ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ዜናውን የሰማ ሁሉ ዋጋው የወጣው የንጉሥ ሰዓት ስለሆነ ነው ብሎ አለፈ፤ ይህም እውነት ቢሆን ግማሹ እውነት ነው። ሰዓቱ «ሪፈረንስ 2497» ይባላል፤ ሪፈረንስ ማለት የዓይነቱ መለያ እንጂ የአንዱ ሰዓት ብቻ ቁጥር አይደለም፤ የአንዱ ሰዓት ብቻ የሆነው ሲሪያል ቁጥር ለብቻው ይቀረጻል። ይህ 2497 የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሠራ ብዛቱ ከ200 ያልደረሰ፣ ፐርፔቹዋል ካሌንደርንና የጨረቃን መጠን ከመካከለኛ የሰከንድ ቆጣሪ ጋር ያጣመረ የጥበብ ሥራ በመሆኑ፣ በማንም እጅ ቢገኝ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነው። ይህን የማያውቅ ወራሽ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ቢገባ፣ ንጉሡን ያስታውሰው ይሆናል እንጂ ሰዓቱን ሊጠብቀው አይችልም።

ስለዚህ ሰዓት ሳስብ ግን ልቤን የሚይዘው ከዋጋው ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ጥበብ የፈሰሰበት መዘውር፣ ባለቤቱ ንጉሠ ነገሥት በነገሡበት አገር የሚቆጠረውን 13ኛውን ወር አያውቅም። አበበ ቢቂላ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ የዓለምን ሕዝብ ያስደነቀበት ምሽት፣ በአገሩ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ ፐርፔቹዋል ካሌንደር ያሰሩ ሰዎች ሁሉ ግን በክንዳቸው ላይ ያነበቡት ሴፕቴምበር 10ን ብቻ ነው። ለባሕረ ሐሳብ የሚሆን ፐርፔቹዋል ካሌንደር ደግሞ ለጥበበኛ ከፈረንጁ የቀለለ በሆነ ነበር፤ 12ቱ ወራት ሁሉም እኩል 30 ስለሆኑ፣ መዘውሩ ሊያስታውሰው የሚገባው ጳጉሜን 5 ቀን መሆኗን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም 6 መሆኗን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2100 ዓመተ ምሕረታቸው ሊደርስ ይገባ የነበረውን የፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ስለሚዘል፣ ዛሬ «ዘላለማዊ» ተብለው የሚሸጡት ሰዓቶች በዚያ ዓመት በሰው እጅ ካልታረሙ ይስታሉ፤ የእኛ የአራት ዓመት ዑደት ግን እንዲህ ያለ መዝለል ስለሌለበት ለባሕረ ሐሳብ የተሠራ መዘውር እርማት ባላስፈለገው ነበር። ብላንፓ የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ለቻይናውያን አቆጣጠር የሚሆን የእጅ ሰዓት ሠርቷል፤ ፓርሚጃኒም ለሂጅራ አቆጣጠር ሠርቷል። ገንዘብ ያላቸው ወገኖቻችን በአገር ውስጥም በውጭም ተባብረው ለጳጉሜን የሚሆን አንድ ማሽን ቢያሠሩ፣ የሌሎች ስም የተጻፈባቸውን አሥር ሰዓቶች ከመግዛት ይልቅ የሚበልጥ ሥራ በሠሩ ነበር።

የጨረቃን መጠን የሚያሳየው መስኮትም የራሱ ጥያቄ አለው። በብዙ ሰዓቶች ውስጥ ሁለት ጨረቃ የተሣለባት ባለ 59 ጥርስ ዝርግ ክብ በቀን አንድ ጥርስ ትራመዳለች፤ 59 ማለትም ሊቃውንቱ የጨረቃን ወር አንዱን 29 አንዱን 30 እያደረጉ እንደሚቆጥሩት ሁለት ወር ነው። ነገር ግን የጨረቃ ወር ከ29 ቀን ተኩል ጥቂት ስለሚበልጥ፣ እንዲህ ያለው ሰዓት በ2 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አንድ ቀን ይስታል። ባለ 135 ጥርስ መዘውር ያለው ግን አንድ ቀን ለመሳት 122 ዓመት ይፈጅበታል። «የጨረቃ ሰዓት» ብሎ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሊመልስ ይገባዋል።

ሌሎቹ ሁለት ስሞች በድምፅ ተቀራራቢ ስለሆኑ ሁልጊዜ ሲደባለቁ የሚሰሙት ክሮኖግራፍና ክሮኖሜትር ናቸው። ክሮኖግራፍ ያለፈውን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ በጎኑ ባሉት ቁልፎች ይነሣል፣ ይቆማል፣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በገበያችን ከሚታዩት ብዙዎቹ ግን በገጻቸው ላይ ያሉት ትናንሽ ክበቦች ለማስመሰል የተሣሉ ናቸው፤ ስለዚህ ገዢው ሳያፍር ሻጩን «ወንድሜ፣ እስቲ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነው» ይበለው፤ ቆጣሪው ካልተነሣ፣ ቢነሣም በታችኛው ቁልፍ ወደ ዜሮው ልክ ካልተመለሰ፣ ክሮኖግራፍ የሚለው ቃል ከደረሰኙ ይሰረዝ። ከክሮኖግራፍ ሁሉ የከበረው ራትራፓንት የተባለው ሲሆን፣ ሁለት የሰከንድ ቆጣሪዎች ተደራርበው አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ለቀዳሚው ሯጭ ሲቆም ሁለተኛው ለተከታዩ ይቀጥላል። አበበ በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ገባ፤ ያን የመሰለውን ልዩነት በአንድ እጅና በአንድ ሰዓት ለመያዝ የተፈለሰፈ መሣሪያ እርሱ ነው። በሮም የኦሊምፒክ ሰዓት ጠባቂ ኦሜጋ ነበር፤ አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም ደግሞ ሴይኮ ነበር።

ክሮኖሜትር ግን የፈተና ማዕርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የስዊዘርላንድ የክሮኖሜትር መርማሪ ድርጅት እያንዳንዱን ማሽን ለ15 ቀን በአምስት አቀማመጥ፣ በ8፣ በ23 እና በ38 ዲግሪ ሙቀት ፈትኖ፣ አማካይ የቀን ስሕተቱ ከ4 ሰከንድ ማዝገም እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ባለው ወሰን ውስጥ ካልሆነ ስሙን አይሰጠውም። ይህን የሚያውቅ ገዢ ውድ ሰዓቱ በቀን 3 ሰከንድ ቢቀድም ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሰዓት ሠሪ አይሮጥም። በትክክል ለመሄድ ብቻ ለሚፈልግማ ርካሹ ባለ ባትሪ ኳርትዝ ሰዓት ይበልጠዋል፤ በውስጡ ያለችው የኳርትዝ ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ስለምትርገበገብ፣ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ ወዲህ በሞላ የሚሄድ ሰዓት በዚህ ረገድ ሊወዳደረው አልቻለም። የሞላው ሰዓት የሚገዛው ለእጅ ሥራው ክብር መሆኑን ሻጭም ገዢም በግልጽ ቢነጋገሩ መልካም ነው። በማሽኑ ላይ «17 ጁውልስ» ተብሎ የሚጻፈውም በፋብሪካ የተሠራ ቀይ ድንጋይ ሆኖ የመዘውር ዘንግ እንዳይበላ የሚያገለግል እንጂ ዋጋ የሚጨምር ዕንቍ አይደለም፤ ቁጥሩ በዛ ማለትም ሰዓቱ በለጠ ማለት አይደለም። ሰዓት ሠሪው ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1801 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቱርቢዮንም፣ የመሬት ስበት በኪስ ሰዓት ላይ የሚያመጣውን መዛባት ለማስወገድ ሚዛኑን ከነቤቱ የሚያዞር ጥበብ ነው፤ ዛሬ በክንድ ላይ ያለው ጥቅም ከዝናው ያንሳል ባይ ነኝ።

አሁን ኪስን በቀጥታ ወደሚነኩት ቃላት ልምጣ። «ስዊስ ሜድ» ማለት በስዊዘርላንድ ሕግ መሠረት ማሽኑ ስዊስ የሆነ፣ በዚያው አገር ወደ ቤቱ፣ ማለትም ማሽኑን ወደሚይዘው ውጫዊ ሽፋን፣ የገባና የመጨረሻ ምርመራው በዚያው የተፈጸመ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህም ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆነው የማምረቻ ወጪው በዚያው የወጣ ሰዓት ነው፤ «ስዊስ ሙቭመንት» የሚለው ጽሑፍ ግን ስለ ማሽኑ ብቻ ስለሚናገር፣ ቤቱና ገጹ ከየትም ሊመጡ ይችላሉ። ወርቅ ከሆነ 18 ካራት ማለት ከ1000 እጅ 750ው ጥሩ ወርቅ ማለት ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ የቅዱስ በርናርድ ውሻ ራስ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የሄልቬቲያ ሴት ራስ በጥቃቅን ማኅተም ይመታበታል። የወርቅ ቅብ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ብረቱ ናስ ወይም የማይዝግ ብረት ሆኖ ወርቁ በላዩ ላይ ስስ ልብስ ነው። ወርቅ ቅብ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ወርቅ ቅብን «ወርቅ» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ውኃን በተመለከተ ያለው አለመግባባት ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ገዢው በጀርባው ክዳን ላይ «30 ሜትር» የሚለውን አንብቦ እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ይዞት ሊገባ የሚችል ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ የተፈተነበትን የግፊት መጠን የሚናገር ነው፤ በሥራ ላይ 30 ሜትር ማለት እጅ ሲታጠቡ ለሚረጭ ውኃ፣ 100 ሜትር ለዋና የሚበቃ ማለት ሲሆን፣ ለጠላቂ የተሠራው ብቻ ከዚህ የጠነከረ ልዩ ፈተና ያልፋል። ይህም ቢሆን ውኃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት በዘመን ስለሚያረጅና ባትሪ ለመቀየር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሊጎዳ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ችሎታ ለዘላለም የሚኖር አይደለም።

ስለሆነም የንግድ ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች በሰዓት ደረሰኝ ላይ «አንድ ሰዓት» ተብሎ መጻፉ እንዲቀርና የሪፈረንሱና የሲሪያሉ ቁጥር፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የቤቱ ብረት፣ ወርቅ ከሆነም ካራቱ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ እንዲጻፍ ቢያዝዙ፣ ለታማኙ ነጋዴ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ይህ ነው። በአንድ መደርደሪያ ላይ ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ከአስመሳዩ ጋር በአንድ ስም የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዋጋውን የሚያስረዳበት ቃል በማጣቱ ብቻ ገበያውን ሲያጣ ይኖራልና።

ከሁሉ በላይ የምሠጋው ግን በገበያው ላይ ስላለው ሰዓት ሳይሆን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስላለው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለመኮንኖች፣ ለሹማምንትና ለውጭ እንግዶች ስማቸው በዘውድ ሥር የተቀረጸበት ወይም ምስላቸው በገጹ ላይ የተሣለበት ሰዓት ይሰጡ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያሉት ሰዓቶች ዛሬ በአውሮፓ የጨረታ ቤቶች ሲታዩ፣ በአገር ቤትም በአያት ንብረት መካከል ሳይገኙ አልቀሩም። ወራሹ ልጅ ገጹ የጠቆረ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ሰዓት ሲያገኝ በቅን ልቡና «አድስልኝ» ብሎ ወደ ሠሪ ይወስደዋል፤ ሠሪውም ገጹን አዲስ ቀለም ይቀባዋል፣ ቤቱን አሽቶ ያብለጨልጨዋል፣ ያረጁትንም ቆጣሪዎች አውጥቶ በአዲስ ይተካቸዋል። ሰብሳቢዎች ግን ያልተነካውን የመጀመሪያ ገጽ ከማናቸውም አስበልጠው ይፈልጉታል፤ እንደገና የተቀባውን «ሪዳይል» ብለው ያቃልሉታል፤ በመታሸት ብዛት ጠርዙ የተሟሸሸውን ቤት፣ ማኅተሙ የጠፋበትንም ወርቅ ዋጋውን ቀንሰው ያልፉታል። ታሪኩን የሚመሰክረው ያው የዕድሜ ጥላው ነበረና፣ በእድሳት ስም የሚጠፋው ምስክርነቱ ነው። ሰዓት ሠሪው ማሽኑን ቢያጥብ፣ ዘይቱን ቢቀይር፣ የተሰበረ ሞላ ቢተካ ሥራው ነው፤ ገጹንና ቤቱን እንዳይነካ ግን ባለቤቱ በግልጽ ይንገረው፣ የወጣ ክፍል ሁሉም ምንም ዋጋ የሌለው ቢመስል በወረቀት ተጠቅልሎ ይመለስለት። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሰዓቶች ላይ በጨለማ የሚያበሩት ቁጥሮች ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ሊቀቡ ይችሉ ስለ ነበር፣ ማንም በቤቱ ክዳኑን ከፍቶ እንዳይፍቃቸው እመክራለሁ።

እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ሰው፣ ወርቁን በግራም ብቻ ወደሚመዝነው ባለ ሱቅ ከመውሰዱ በፊት፣ በታመነ ሰዓት ሠሪ አስከፍቶ በማሽኑና በቤቱ ውስጠኛ ክፍል ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ፎቶ ያስነሣ፤ ፓቴክ ፊሊፕ በጄኔቫ፣ ሎንጂንም በሳንቲሚዬ ከተማ የጥንት መዝገቦቻቸውን ጠብቀው ስለሚገኙ፣ ቁጥሩ በተላከላቸው ጊዜ ሰዓቱ መቼ እንደ ተሠራ ከመዝገቡ ቀድተው በጽሑፍ ይሰጣሉ። በዚያ ወረቀት ላይ የሚገኘው ዘመን አያቱ መቼና ስለ ምን እንደ ተሸለሙ በቤተሰብ ከሚነገረው ጋር ይተያይ፤ የሹመት ደብዳቤ ወይም ሰዓቱ በክንዳቸው ላይ የሚታይበት ፎቶግራፍ ቢኖር ከእርሱ ጋር ይያያዝ። ከዚያ በኋላ መሸጥ የሚፈልግ በተገቢው ዋጋ ይሽጥ፤ ማስቀመጥ የሚፈልግም ምን እንዳስቀመጠ ዐውቆ ያስቀምጥ።